ምጥ ሳይቀድማቸው፦ አጣጥ ሆስፒታልና የሕክምና ሚሲዮን ሲስተሮች

አራስ ስንጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው ለወግ ያህል አይደለም። በገጠራችን መውለድ ለብዙ ዘመን ከሞት ደጅ ደርሶ መመለስ ነበር። ምጡ በርትቶ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሲያልፍ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ያነሣሉ። ወንዝና ዳገት ተሻግረው ሆስፒታል ሲደርሱ ጽንሱ ሞቶ፣ አንዳንዴም የእናቲቱ ማህፀን ተተርትሮ ይገኛል። እዚህ ላይ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢካን በመንገድ የጠፋውን ጊዜ አይመልሰውም። ጉራጌ ውስጥ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ለዚህ ችግር የዘየደው መላ ቀላል ነው፤ ሴቲቱ ምጧ ሳይጀምር ትምጣ፣ ግቢው ውስጥ ማደሪያ ይሰጣት፣ ቀኗን እዚያው ትጠብቅ።

ሆስፒታሉ የተሰየመው በሉርዷ እመቤታችን ስም ነው። ያቋቋሙትም እ.ኤ.አ. በ1969 የሕክምና ሚሲዮን ሲስተሮች የሚባሉ የካቶሊክ ደናግል ናቸው። የካቶሊክ ሲስተሮች ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚሉት ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የሚለብሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ማዘር ቴሬዛ ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው እህቶች ናቸው። የእነርሱ ሥራ ወዳጅ ዘመድ ያጣውን ሰው ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ በመጨረሻ ሰዓቱም ብቻውን አለመተው ነው። የአጣጥ ሲስተሮች መንገድ ግን ከመነሻው የሕክምና ሙያ ነው።

የማኅበራቸው መሥራች ዶክተር አና ዴንግል እ.ኤ.አ. በ1892 በኦስትሪያ፣ ቲሮል በሚባለው ተራራማ አገር ተወለዱ። ገና ወጣት ሳሉ አግነስ ማክላረን ከተባሉ አረጋዊት ስኮትላንዳዊት ሐኪም ጋር ይጻጻፉ ጀመር። ማክላረን የደከሙለት ጉዳይ በራዋልፒንዲ ያሉ ሙስሊም ሴቶች ሕክምና ነበር። ከተማዋ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ናት፤ ያኔ እንግሊዞች በሚገዙት ሕንድ ውስጥ ነበረች። የአካባቢው ወግ ወንድ ሐኪም ሴትን እንዲመረምር አይፈቅድም ነበር፤ ሴት ሐኪም ደግሞ እምብዛም አትገኝም ነበር። ስለዚህ በሽተኛዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሞት ነበር። ማክላረን ደናግል ሐኪም ሆነው እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው እያሉ ሮምን ደጋግመው ለምነው ነበር፤ ፈቃዱን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1913 ዐረፉ። ከአና ጋርም በአካል አልተገናኙም።

አና ግን የአሮጊቷን አደራ አልጣሉም። አየርላንድ ኮርክ ከተማ ገብተው ሕክምና ተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ተመረቁ፣ ወደ ራዋልፒንዲም ሄዱ። እዚያ ያዩት የሕመምተኛ ብዛት ለአንድ ሐኪም የሚቻል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1925 ዋሽንግተን ላይ ከአንዲት ሐኪምና ከሁለት ነርሶች ጋር ሆነው፣ በጠቅላላው አራት ሴቶች፣ ማኅበሩን መሠረቱ። ችግሩ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነበር። መሐላ የፈጸመች ድንግል ሐኪም እንድትሆን፣ ይልቁንም እንድታዋልድ፣ አይፈቅድም ነበር። አራቱ ሴቶች ሥራውን ላለመተው ሲሉ በይፋ መሐላ ሳይፈጽሙ በማኅበር ኖሩ። ሮም ክልከላውን ያነሣችው እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1936 ነው፤ ቀኑ በካቶሊካውያን ዘንድ የሉርዷ እመቤታችን በዓል ይከበርበታል። አንድ ጊዜ ለደናግል የተከለከለው የማዋለድ ሥራ ሲስተሮቹ ጉራጌ ላይ ከሠሩት ሁሉ የላቀው መሆኑ እኔን እጅግ ያስደንቀኛል።

አሁን ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው ወደሚያርፉበት ማደሪያ፣ ወደ እናቶች ማቆያው እንመለስ። የአጣጥ የእናቶች ማቆያ ሥራ የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ቀድሞ በኦፕሬሽን የወለደች፣ ፌስቱላ የተጠገነላት፣ መንታ የያዘች፣ ጽንሷ የተጋደመባት፣ ከዚህ በፊት ልጅ ሞቶ የተወለደባት፣ ወይም ቤቷ እጅግ የራቀ ነፍሰ ጡር በእርግዝና ክትትል ጊዜ ትለያለች። ወሯ ሲገባ ወደ ግቢው ትመጣለች። ስንቋንና ማገዶዋን ይዛ፣ የምታበስልላት ዘመድ አስከትላ ነው የምትመጣው፤ ማቆያው የሚሰጣት ማደሪያና ማብሰያ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ የሐኪም ቅርበት ነው። የጤና ባለሙያዎች እየተመላለሱ ያዩዋታል። ምጧ የጀመረ ዕለት ማዋለጃ ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃታል። ውድ መሣሪያ የለበትም። ገበሬ ቤተሰብ የሚችለው ዓይነት ኑሮ ስለሆነ ሴቶቹ አይፈሩትም፤ ለዘመናት የቆየበትም ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ውጤቱ በቁጥር ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የተመዘገበውን 24,148 ወሊድ የመረመረ ጥናት አለ። ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የመጡ፣ 17,343ቱ በቀጥታ የገቡ ናቸው። በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ በማቆያው ካለፉት መካከል 90 ያህል እናቶች ሲሞቱ በቀጥታ ከገቡት መካከል 1,333 ሞተዋል። ከ1,000 ወሊድ ውስጥ ሞቶ የተወለደው ከማቆያው በኩል 18 ያህል፣ ከሌላው በኩል 191 ነው። 

ይህን ልዩነት ሁሉ ማቆያው ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም። በቀጥታ ከገቡት ብዙዎቹ የመጡት ቤት ውስጥ ሲያምጡ ቆይተው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ነገር ግን ማቆያ ያስፈለገው ለዚሁ ነው። ደግሞም በማቆያው የቆዩት ቀላል ወሊድ የሚጠበቅላቸው ሴቶች አልነበሩም፤ ከመቶው 38.5 የሚሆኑት በኦፕሬሽን ነው የወለዱት፣ ከሌሎቹ ግን 20.3 ብቻ።

ሲስተሮቹ ሥራቸውን በግቢው አጥር አልወሰኑትም። ወደ ገጠር ወጥተው ያስከትባሉ፣ ነፍሰ ጡር ይመረምራሉ፤ ከቀበሌው ሕዝብ ጋር ምንጭ ያጎለብታሉ፤ በዚህም ሆስፒታል የሚያስገባውን በሽታ ከምንጩ ይቀንሳሉ። የሆስፒታሉ ባለቤት የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ተገልጋዩ ግን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም ነው። ከሲስተሮቹ መካከል ጀርመናዊቷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሲስተር ዶክተር ሪታ ሺፈር ሆስፒታሉን ለረጅም ዓመታት በመምራት ይታወቃሉ። በእኔ እምነት ዋናው ነገር ይህ ለዓመታት ሳይነቀሉ መቆየት ነው። ከውጭ ለጥቂት ወራት የሚመጣ ሐኪም ኦፕሬሽን ይሠራል፤ የመንደር ሰው አምኖ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወር ሙሉ የሚያሳድርበት ቤት ግን በጥቂት ወራት አይገነባም።

የእናቶች ማቆያ ዛሬ የአጣጥ ብቻ አይደለም፤ በየገጠሩ በርካታ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አላቸው። ገጠር እህት፣ የአጎት ልጅ ወይም ምራት ያላችሁ አንባብያን፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን የሰማችሁ ዕለት ደውሉላት። ቀድሞ በኦፕሬሽን ወልዳ እንደሆነ፣ ያለፈው ምጥ ጠንቶባት እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያው ብዙ ሰዓት የሚያስኬድ እንደሆነ ጠይቋት። አንዱ እንኳ ካለ ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ ማቆያ እንድትገባ ንገሯት፤ ስንቅ መግዣም ላኩላት።