እርሻንና ውሾችን ለብቻ ስለ መጠበቅ

ልጆች ሆይ፥ በባላገር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ቤትና እርሻ ሊጠብቅ ይቀራል። አባት ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳል፤ እናት የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ ትወጣለች፤ ወንድሞችም ለሰርግ ወይም ለሐዘን ይጠራሉ። በዚያን ጊዜ ከቤት የሚቀረው ሰው በሬዎቹን፥ በጎቹን፥ በማሳ ያለውን እህልና ውሾቹን ሁሉ በአደራ ይቀበላል። አደራ መጠበቅ ማለት ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ባለቤቱ እንዳለ አድርጎ መሥራት ነው።

ብዙ ሰው ባለበት ቤት አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል። ብቻውን የሆነ ሰው የረሳውን ግን የሚያስታውስ የለም። በሬ ጠማኝ አይልም፤ ውሻም ታመምሁ ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ብቻውን ለሚጠብቅ ሰው ከጉልበት ይልቅ ሥርዐት ይጠቅመዋል። ሥርዐትም እያንዳንዱን ሥራ በየቀኑ በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ተራ መሥራት ነው።

ጠዋት የበረቱ በር ከመከፈቱ በፊት አጥሩን መዞር ይገባል። እሾሁ የተነሣበት ወይም አውሬ የቈፈረበት ቦታ ቢገኝ ወዲያው ይደፈን። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደ ተባለ፥ ትንሹ ቀዳዳ ለትልቁ ጠላት መንገድ ይሆናልና። ከዚያ በኋላ ከብቶቹን እየቈጠሩ ማውጣት፥ ማታም እየቈጠሩ ማስገባት ነው። ቍጥሩ የጐደለ እንደሆነ ጀምበር ሳትጠልቅ መፈለግ ይቻላል፤ ከጨለመ በኋላ ግን ፍለጋው ለሰውም ለከብትም አደገኛ ነው። ሲወጡም እያንዳንዱን መመልከት ያስፈልጋል። የሚያነክስ፥ ሣር እንቢ የሚል፥ ከመንጋው ተለይቶ ራሱን ደፍቶ የሚቆም ከብት ሕመም እንዳለበት ያስታውቃል።

እህል በሚያሽትበት ወራት የጠባቂው ድካም ይበዛል። ዝንጀሮና ጦጣ በቀን ወደ ማሳው ይወርዳሉ። ጃርትና የዱር አሳማ በሌሊት ይመጣሉ፤ ጅብም በሌሊት በጎቹን ይፈልጋል። አንድ ሰው ቀንም ሌሊትም ነቅቶ ሊኖር አይችልም። ውሻ ግን የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ የአውሬንም ሽታ ከሩቅ ያውቃል። በቀን ውሻው በጥላ ሲያርፍ ሰውየው ይነቃል፤ በሌሊት ሰውየው ሲተኛ ውሻው ይነቃል። እንዲህ ሆነው ሥራውን ይካፈላሉ።

ውሾቹ ሦስት ወይም አራት የሆኑ እንደሆነ ግን እነርሱም ራሳቸው ሥርዐት ይፈልጋሉ። ምግባቸው በአንድ ዕቃ ቢቀርብ ብርቱው ደካማውን ነክሶ ሁሉን ይበላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በየራሱ ገል፥ ራቅ ራቅ አድርጎ፥ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መስጠት ይገባል። ፍርፋሪ እንጀራ፥ አጓትና የተቀቀለ ሥጋ ይስማማቸዋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን የውሻን ደም ይጐዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰብሮ ጕሮሮንና አንጀትን ይወጋልና አይሰጥ። ንጹሕ ውሃም ዘወትር በአጠገባቸው ይኑር።

አንድ ጐልማሳ ቤተ ሰቦቹ ለሐዘን በሄዱ ጊዜ ከሦስት ውሾች ጋር ብቻውን ቀረ። ሁለት ቀን በደኅና ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ሲያጭድ ውሎ ደክሞት ነበርና ውሾቹን ሳያበላ ተኛ። ውሾቹም ርቧቸው በወንዝ ዳር ወደ ወደቀው የአህያ ጥንብ ሄዱ። በዚያች ሌሊት ጅብ አጥሩን ጥሶ ሁለት በግ ገደለ። ጐልማሳው ጠዋት በትር አንሥቶ ውሾቹን ሊመታ ሲል አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ ደረሱና እጁን ያዙት። «ልጄ፥ ውሻ የሚጠብቀው እራቱን የሚያገኝበትን ደጅ ነው። ትናንት ማታ በደጅህ ምን አገኙ?» አሉት። ጐልማሳውም በትሩን ጣለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሾቹን ሳያበላ አልተኛም።

ለውሻ የማይጣልም ነገር አለ። በግ በታረደ ጊዜ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ቢታይ ያን ለውሻ መስጠት ክፉ ነው። በእባጩ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው አንጀት ገብቶ ትናንሽ ትሎች ይሆናል። የትሎቹ ዕንቍላል ከውሻው ኵስ ጋር ይወጣል፤ በእጅና በምግብም ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባም እንዲሁ ያለ እባጭ ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቈፍረው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ውሻ የነካ እጅም ከመብላት በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ የያዘው ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። ገራሙ ይናከሳል፤ ደፋሩ ይሸሸጋል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ መዋጥም ያቅተዋል። በሽታው በለሃጩ አማካይነት ወደ ቍስል ይገባል። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 ዓመት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ እብድ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ከሞት አዳነው። ዛሬ ውሾችም አስቀድመው ይከተባሉ። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ማስከተብ፥ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ መድገም ያስፈልጋል።

ያልተከተበ ውሻ የሚጐዳው የጌታውን ቤት ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፥ በ1991ና በ1992፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ከውሾች በተላለፈ በዚሁ በሽታ በብዛት አለቀ። አንድ ሰው በደጁ የተወው ሥራ በሩቅ ተራራ ላይ ያለውን ፍጥረት ያጠፋል።

ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ቍስሉ ትንሽ ቢሆንም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው በዚህ ጊዜ ይፈተናል። «እርሻውን ለማን ትቼ እሄዳለሁ? አደራ አለብኝ» ብሎ ይቀራልና። ይህ ግን አደራን አለማወቅ ነው። ባለቤቱ ከጉዞው ሲመለስ ከበጎቹና ከእህሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የጠባቂውን ሕይወት ነው።

ስለዚህ ብልህ ጠባቂ ችግር ሳይመጣ ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገራል። «ጠዋት ከቤቴ ጢስ ሲወጣ ካላያችሁ መጥታችሁ ጠይቁኝ፤ የምሄድበት ነገር ቢገጥመኝም ከብቶቹን ተመልከቱልኝ» ይላቸዋል። እርሱም በተራው ለእነርሱ እንዲሁ ያደርጋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ቤት እንድትጠብቁ የቀራችሁ ቀን ይህን አስቡ። አጥሩን ዙሩ፤ ከብቶቹን ቍጠሩ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ውሾቹን አብሉ፤ ጎረቤታችሁን አትራቁ። መናገር የማይችሉት እንስሳት የሚተማመኑት በእናንተ ማስታወስ ነው።