የትንኝ እጭን የሚገድለው ትል ለየትኛው ውሃ ይበጃል?

አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ወባን የሚከላከሉት ክንፍ ያወጣችውን ትንኝ በመመከት ነው። ትንኟ ግን ከመብረሯ በፊት እጭ ሆና ውሃ ውስጥ ትቆያለች። እዚያው ሳለች የሚያጠቃት ጥገኛ ትል አለ፤ ስሙ ሮማኖመርሚስ ይባላል።

ትሉ ከእንቁላሉ ሲወጣ በዓይን የማይለይ ቀጭን ክር ነው። እየዋኘ እጭ ይፈልጋል፤ በሹል የአፉ መውጊያ ቆዳዋን በስቶ ይገባል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ካላገኘ ይሞታል። ከገባ ግን ምግቧን እየተሻማ፣ ውሃው ሞቃት ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ያድጋል። ሲወጣ ቆዳዋን ቀዶ ስለሆነ እጯ ትሞታለች። ትሉም ወደ ደለሉ ወርዶ ይራባል። ሰውን፣ ከብትንና ዓሣን አያጠቃም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኤል ሳልቫዶር አፓስቴፔኬ ሐይቅ ላይ ተረጭቶ የወባ ትንኝ እጮችን ቁጥር በ94 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሕይወት ባለው ነገር እጭን መዋጋት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሳለች እጭ የሚበላ የአካባቢው ዓሣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተሞክሯል።

ታዲያ ትሉ ለምን በሰፊው አልተሠራበትም? ሕያው ስለሆነ እንደ ኬሚካል መጋዘን ውስጥ አይከማችም፤ እንቁላሉ በእርጥብ አሸዋ መጠበቅ አለበት። ጨዋማና የተበከለ ውሃ ይጎዳዋል፤ ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ደግሞ ይደክማል።

ይህን ይዘን እንደ ኮንጋ ያለ የጌዴኦ ቡና አገርን ውሃ እንመልከት። ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ፍሳሽ የተበከለ ስለሆነ ለትሉ አይሆንም። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ፣ በከብት ኮቴ ውስጥ ሳይቀር ትራባለች። እንዲህ ያለው ውሃ ቶሎ ስለሚደርቅ ትል ከመጨመር አፈር መሙላት ይቀላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥርም ውሃው ስለሚቀዘቅዝ፣ ትሉ ከኮንጋ ይልቅ ዝቅ ብላ በምትገኘው ዲላ ዙሪያ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። የሚስማማው ንጹሕ፣ የረጋና ለሳምንታት የማይደርቅ ውሃ ነው፤ ለምሳሌ አፈር ተቆፍሮ የወጣበት ጉድጓድ ያቆረው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀበሌው ውሃውን ይለይ። የሚደፈነው ይደፈን፤ የሚፋሰሰው ይፋሰስ። ትሉን የመሰለ ሕያው መከላከያ የሚያስፈልገው ከዚያ ለሚተርፈው ውሃ ነው፤ ያኔም ቢሆን አጎበሩ ከአልጋው አይነሳም።