ጋጋሪነት በዱከም ከፍታ

ባንክ ይሠራ የነበረ ሰው ሥራውን ለቆ መኪና አስመጪ ቢሆን «አደገ» ይባላል። ኬክ ቤት ገብቶ ሊጥ ማቡካት ቢጀምር ግን ዘመድ አዝማድ «ምን አገኘው?» እያለ ይጠያየቃል። ይህ ንቀት ያበሳጨኛል። ጋጋሪ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ጥፋቱም ሆነ ልማቱ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ትሪ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። በተለይ ሌላ ሥራ ሠርቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በጎልማሳነቱ ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ሰው ክብር ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ከወጣቶቹ የተሻለ ጋጋሪ ሲወጣው አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መሠረቱ ቀላል ነው። ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ዳቦ ይሆናሉ፤ ዕንቁላል፣ ስኳር፣ ቅቤና ቤኪንግ ፓውደር ሲገቡበት ኬክ ይሆናል። ሥልጠናው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በግል ማሰልጠኛዎችም ይሰጣል። በመጨረሻ ሁሉም «ሲኦሲ» እያለ የሚጠራው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው።

ዱከምን የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚያውቃት ግን በቁርጧ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ዘይት መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ከተማዋ ግን ዳቦም ትበላለች። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን እዚያው ነው፤ የቻይናው ሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ በማለዳ ዳቦ በሻይ ይፈልጋል፤ ወደ ጂቡቲ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌርም እንደዚሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ልደቱ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ ይመጣል። ሥራ ለመለወጥ ለሚያስብ ሰው ገበያው በሩ ላይ ነው።

የማውቃት አንዲት ሴት ለዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ኖራ፣ ጋጋሪነት ተምራ፣ አሁን ዱከም ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ትንሽ ኬክ ቤት ከፍታለች። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ዕንቁላል አሰባበሯ ላይ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ትመልሳለች፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰበረች ቁጥሩን ታያለች። «አራት ዕንቁላል» የሚል ጽሑፍ አይበቃትም። እውነቷን ነው። የፈረንጅ ዕንቁላል ከነቅርፊቱ ከ55 እስከ 60 ግራም ሲመዝን የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላል ብዙውን ጊዜ 40 ግራም ገደማ ነው። አራት የፈረንጅ ዕንቁላል በሚጠይቅ ኬክ አራት የሐበሻ የሰበረ ሰው ከአንድ ሙሉ ዕንቁላል በላይ ጎድሎበታል፤ ኬኩ ደርቆ ሲወጣ ዱቄቱን ይረግማል። የእሷን ደብተር ገልጬ አይቻለሁ። በየገጹ ቀን፣ የዱቄቱ ዓይነት፣ ግራም፣ ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ውጤት በመስመር በመስመር ተደርድሯል።

ጎልማሳ ከወጣት ይበልጣል ያልኩት ለዚህ ነው። ነርስ ለነበረ ሰው እጅ መታጠብን ማስተማር አያስፈልግም። ፋብሪካ መስመር ላይ የቆመ ሰው አንድን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ሳያዛንፍ መድገም ያውቃል፤ ሊጥ ማድቦልቦልም ይኸው ነው። ከባዱ እንቅልፉና ወገቡ ነው። ዳቦ ቤት ሌሊት በስምንት ሰዓት ይነሣል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የኖረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እግሩን ይዞ ነው የሚያሳልፋቸው። ይለመዳል።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልግባ፦ መሃሉ ስለሚሰረጉድ ኬክ።

መሃሉ የሰረጎደ ኬክ ያወጣ ሰልጣኝ ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቃለሁ። «ኦቭኑን ከፍታችሁብኝ ነው» ይላል። «ዱቄቱ አይረባም» ይላል። «ቤኪንግ ፓውደሩ አነሰው» ይላል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በማግስቱ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምራል፣ ኬኩ ይብስበታል፤ እንደገና ይጨምራል፣ አሁንም ይብስበታል። እባካችሁ ተዉ! በእኛ ደጋ ኬክ ብዙ ጊዜ የሚሰምጠው ቤኪንግ ፓውደር ስለበዛበት ነው።

ነገሩ የአየር ግፊት ነው። ዱከም ከባሕር ጠለል በላይ 1,950 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሊጡ ውስጥ የተፈጠረው አረፋ የሚጫነው ስላነሰ ከልኩ በላይ ይነፋል፤ ያው የጋዝ መጠን ከሩብ ያላነሰ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ወይም በ94 ይፈላል፤ እርጥበቱ ቶሎ ተንኖ ያልቅና የቀረው ስኳር ይወፍራል።

ኬክን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በሙቀት የሚጠናው የዕንቁላሉና የዱቄቱ አካል ነው። አረፋዎቹ ይህ ግድግዳ ሳይጠና በፊት ከመጠን በላይ ከተነፉ ይፈነዳሉ። ስኳር ሲወፍር ደግሞ ግድግዳው የሚጠናበትን ሰዓት ያዘገየዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ኬኩ ኦቭን ውስጥ በፍጥነት ያብጣል፣ በመስታወቱ የሚያዩት ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላሉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መሃሉ ይገባል። ያን ያህል ማበጡ ራሱ የአደጋው ምልክት ነበር። ቤኪንግ ፓውደር የጨመረ ሰው የጨመረው ያንኑ እብጠት ነው።

የምንጠቀምባቸው የኬክ መጻሕፍት በአብዛኛው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚጋግር ሰው የተጻፉ ናቸው። ከፍታ ላይ ያሉ ሌሎች ሕዝቦች ግን ጉዳዩን ቀደም ብለው ይዘውታል። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ገና በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአየር ግፊቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ዝግ ክፍል አሠርተው ኬክ እየጋገሩ ይፈትኑበት ነበር። ይህን ሁሉ የደከሙለት የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር ከፍታው 1,609 ሜትር ነው። ከዱከም ያንሳል! ሰበታ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2,500 በላይ ናቸው። ሱሉልታ ላይ ውኃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። ዱከም ተምሮ ደብተሩን ይዞ ወደ ሱሉልታ የሄደ ጋጋሪ ኬኩ እንደገና ሲሰምጥበት እጁ የጠፋ ይመስለዋል፤ እጁ ደህና ነው፣ የወጣው ስድስት መቶ ሜትር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለዱከም መነሻው ይኸ ነው። መጽሐፉ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሲል ሩቡን ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ አንሱ። ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። የኦቭኑን ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ደቂቃውን አሳጥሩ፤ ግድግዳው ቶሎ እንዲጠና ነው። የዕንቁላሉን ነጭ ስትመቱ ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አትጠብቁ፣ ጎንበስ ሲል አቁሙ። እነዚህን ሁሉ ግን በአንድ ቀን አትለውጡ። አንዱን ለውጡ፣ ጋግሩ፣ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደብተር እዚህ ላይ ነው ወርቅ የሚሆነው።

ሽሮፕና ካራሜል የሚሠሩም ይስሙ። መጽሐፉ «115 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ካለ ዱከም ላይ 109 አካባቢ ማውረድ ያስፈልጋል፤ 115 እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ያሰበው ለስላሳ ነገር ጠንክሮበት ይገኛል። በጣም የምወደው ዘዴ አለ፦ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱና ቁጥሩን አንብቡ። ከ100 የጎደለውን ያህል ከመጽሐፉ ዲግሪ ላይ ቀንሱ። የከተማችሁንም ከፍታ፣ የቴርሞሜትሩንም ስሕተት አንድ ላይ ይጨርስላችኋል።

ዳቦ ከኬክ ይልቅ ገር ነው። የእርሾ ሊጥ በከፍታ ላይ ቶሎ ያብጣል፤ ዱከም ደግሞ ከሱሉልታ ስለምትሞቅ ሊጡ ሳይታሰብ ኩፍ ይላል። ስለዚህ ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩት። እጥፍ ሲሆን አስተንፍሱትና ሁለተኛ ጊዜ ኩፍ እንዲል ተዉት፤ ጣዕሙ የሚመጣው በዚያ ጊዜ ነው። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለው፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርገው ሲጋግሩ ስለ ከፍታ ማስተካከያ ያስተማራቸው አልነበረም፣ አላስፈለጋቸውምም። ዳቦው የተወለደው እዚሁ ደጋው ላይ ነው፤ ልኩ ከመጀመሪያውም የእኛ ልክ ነበር። ፉርኖው፣ ፓስቲውና ቦምቦሊኖው ግን ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ኬኩም ከውጭ ነው፤ እነሱን ከአገሩ ጋር ማላመድ ይጠይቃል። ይህን የተረዳ ሰልጣኝ አያቱን በሌላ ዓይን ያያል።

ስለ ዱቄት አንድ ነገር ብቻ። ዱከም ያለችበት የአድአ ምድር በጤፉ ይታወቃል፤ ጎረቤቱ ደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በጤፍና በዱረም ስንዴ ስመ ጥር ነው። ዱረም ለፓስታ የሚሆን ስንዴ ነው፤ ለዳቦና ለኬክ የምትፈልጉት የዳቦ ስንዴ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ «ስንዴ ነው» በሚል መልስ አትመለሱ፣ የምኑ ስንዴ እንደሆነ ጠይቁ።

የጾም ኬክ ደግሞ የእኛ አገር ጋጋሪ ትልቁ ፈተና ነው፤ ከውጭ የመጣ ሥርዓተ ትምህርት ሲዘነጋው ያሳዝነኛል። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ የሚጾም ሕዝብ ባለበት አገር ያለ ዕንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚቆም ኬክ መሥራት ዋና ትምህርት መሆን ነበረበት። ግድግዳውን የሚያጠናው ዕንቁላል ስለሌለ ከላይ ያልኩት ሁሉ በእጥፍ ይጠብቃል፦ ቤኪንግ ፓውደሩ ይበልጥ ይመጠናል፣ ስኳሩ ይቀነሳል፣ ፓትራው ከግማሽ ብዙም ሳያልፍ ይሞላል። ረቡዕና ዓርብ ጥሩ የጾም ኬክ የሚያወጣ ቤት ደንበኛ አያጣም።

ደንበኞችንም ልውቀስ። ዓርብ ማታ የሒሳብ ሠራተኛዋ ኬክ ቤት ሊዘጋጋ ሲል አንድ ሰውዬ ገብቶ፣

«እህቴ፣ ለነገ ጠዋት ለሃምሳ ሰው የሚሆን የልደት ኬክ ታደርሺልኛለሽ?» ሲላት ሰምቻለሁ።

«ወንድሜ፣ ኬኩ ዛሬ ተጋግሮ ካላደረ ነገ ስቆርጠው ይፈራረሳል፤ ክሬሙንም አይሸከምም። ለእሑድ ላድርግልህ» አለችው።

ተቆጥቶ ወጣ። ለሠርጉ ልብስ ለማሰፋት ወር የሚጠብቅ ሰው ለኬክ አንድ ሌሊት የሚነፍግበት ምክንያት አይገባኝም። ለጋጋሪዎች ሁለት ቀን ስጧቸው።

በቡና ሲኒና በሻይ ብርጭቆ የምትሰፍሩም እንዲሁ። አንድ ኩባያ ዱቄት ተነፍቶ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም ያህል ነው፤ ተጠቅጥቆ ሲሞላ 150 ይደርሳል። በአራት ኩባያ ውስጥ ከመቶ ግራም በላይ ልዩነት ገባ ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ፤ ከሚክሰሩ በፊት፣ ከሚያብረቀርቁት ማስጌጫዎች ሁሉ በፊት።

መብራት ሲጠፋ ዳቦና ኬክ ይለያያሉ። የእርሾ ሊጥ ቀዝቃዛ ቦታ ከገባ ይታገሣል፤ እንዲያውም አድሮ ይጣፍጣል። ቤኪንግ ፓውደር የነካው የኬክ ሊጥ ግን ፈሳሹ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ጋዙን እያወጣ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ኦቭን የሚሠራ ሰው ደረቁን ለብቻ፣ ፈሳሹን ለብቻ መዝኖ ያስቀምጥ፤ ኦቭኑ ሙቀቱን እስኪይዝ አይቀላቅላቸው።

ለመመዝገብ ያሰባችሁ ማሰልጠኛውን ስትጎበኙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ኬክ ፎቶ አትዩ። ለስንት ሰልጣኝ ስንት ኦቭን እንዳለ ጠይቁ፤ ሃያ ሰው አንድ ኦቭን ከበበ ማለት አሥራ ዘጠኙ ተመልካች ነው። ሰልጣኙ በገዛ እጁ ይመዝን እንደሆነ፣ የጾም ኬክ ይማር እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ መምህሩን «ይህ የኬክ አሠራር ለየትኛው ከፍታ ነው?» በሉት። «ኬክ ኬክ ነው» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። «ለዱከም አስተካክለነዋል፤ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከሆናችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ትንሽ እንደገና ቀንሱት» ካላችሁ እዚያው ተመዝገቡ።