ለገደል በቅሎ

በደጋው አገራችን ለሩቅ መንገድ በቅሎ ስትመረጥ የኖረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳ ላይ ፈረስ ይቀድማታል። ገደል አፋፍ ላይ በተንጠለጠለ ቀጭን መንገድ ግን መኳንንቱም ወይዛዝርቱም ነፍሳቸውን የሚሰጡት ለበቅሎ እግር ነበር። ዛሬ መኪና ስንመርጥ ይህን የአያቶቻችንን ማስተዋል የዘነጋነው ይመስለኛል። «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ግዙፉ ላንድክሩዘር ነው፤ ትንሽ መኪና ደግሞ ገንዘብ ላጠረው ሰው የተተወች የከተማ መመላለሻ ተደርጋ ትታያለች። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ አስፋልት ባለቀበት ቦታ ትንሽነት ራሱ ጉልበት ነው። ለዚህም ከ50 ዓመት በላይ ስትሠራ የኖረችውን የጃፓኗን ሱዙኪ ጂምኒ ምስክር እጠራለሁ።

ጂምኒን የወለዳት ሕግ ነው። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ «ኬይ» የሚባል የትንንሽ መኪኖች መደብ አበጀች፤ ቃሉ «ቀላል» ማለት ነው። በልኩ የተሠራች መኪና በግብር ትጠቀማለች፣ ልኩን ካለፈች ጥቅሟ ይቀራል። በ1960ዎቹ የነበረው ልክ ሞተሯ ከ360 ሲሲ፣ ርዝመቷ ከ3 ሜትር፣ ወርዷም ከ1.3 ሜትር እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። ሆፕ የተባለ ትንሽ ኩባንያ በዚህ ልክ ውስጥ ባለ ፎር ባይ ፎር መኪና ሠርቶ ብዙም ሳይገፋ ቀረ፤ የመሥራት መብቱን በ1968 ሱዙኪ ገዛው። ግዢውን አጥብቆ የገፋው በኋላ ኩባንያውን ለአሥርት ዓመታት የመራው ኦሳሙ ሱዙኪ ነበር። በሚያዝያ 1970 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ጂምኒ 359 ሲሲ ሞተርና 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት። የትርፍ ጎማዋ ነገር የሥራውን መንፈስ በደንብ ያሳያል። ጎማው እንደ ጂፕ ከኋላ ቢሰቀል መኪናዋ ከ3 ሜትር አልፋ ከመደቧ ትወጣለች። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጎማውን ወደ ውስጥ አስገብተው ከፊት ወንበር ጀርባ አቆሙት፤ የአንድ ሰው መቀመጫ ተሠዋና መኪናዋ ለሦስት ሰው ሆነች። ልኩ ጠባብ ስለነበር እያንዳንዷ ስንዝር ታስቦባታል፤ የማያስፈልግ ነገርም ገና ከመነሻው ቦታ አላገኘም።

የዚህ ቁጠባ ፍሬ የሚታየው ኮረኮንቹ ሲጀምር ነው። ለውጭ ገበያ የተሠራችው የእ.ኤ.አ. 2018 ጂምኒ ክብደቷ ወደ 1,100 ኪሎ ግራም ነው፤ ባለ ቪ8 ሞተሩ ላንድክሩዘር 200 ግን ከ2,500 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ዳገት መውጣት ማለት ክብደትን ወደ ላይ መሸከም ስለሆነ ሸክሙ ሲቀል ትንሽ ሞተር ይበቃል። ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ የሚገታው ያነሰ ነው። አረንቋ ውስጥ ብትቀረቀር እንኳ የመንደር ጎበዝ ተጋግዞ ገፍቶ ሊያወጣት ይችላል፤ ትልቁ ግን ትራክተር ያስፈልገዋል። ወርዷ 1.65 ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ግዙፉ መኪና ጎኑ እየተፋቀ በሚቆምበት ቋጥኝ መካከል እሷ ታልፋለች። አጭር በመሆኗም ፓራውልቷ ሳይነካ 37 ዲግሪ ያህል ቀጥ ያለ እርከን ላይ ጎማዋን ታሳርፋለች።

ሆኖም ትንሽ መሆን ብቻውን ገደል አያሻግርም፤ ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከመጀመሪያው ጭቃ አያልፉም። የጂምኒ ልዩነት ከታቿ ጎንበስ ብሎ ላያት ሰው ግልጽ ነው። እንደ ጭነት መኪና የራሷ ወፍራም ሻሲ አላት። የግራና የቀኝ ጎማዎቿ በአንድ ወጥ የብረት አክስል የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ እንደ ሚዛን ይጋደልና ሌላውን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ስለዚህ ጎማ በአየር ላይ በከንቱ የሚሽከረከርበት ጊዜ ይቀንሳል። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችው ሁለተኛዋ ዘንግ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ስትገባ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳ የጎማውን ጉልበት እጥፍ ታደርጋለች። ያኔ ነጂው ፍሬን ሳይረግጥ፣ ነዳጅም ሳይሰጥ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እያለ እግሩን መርጦ እንደሚረግጥ ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ቺሊያውያን ከጂምኒ ቀደምት ትውልዶች አንዷ በሆነችው፣ ሞተሯ በተጠናከረ ሱዙኪ ሳሙራይ የአንዲስን ተራራ ኦሆስ ዴል ሳላዶን 6,688 ሜትር ድረስ ወጡት፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። የመኪና ከፍታ ክብረ ወሰኑ በኋላ ቢሰበርም ያኔ የተያዘው በትንሽ መኪና ነበር። በህንድ «ጂፕሲ» በሚል ስም የተመረተችው እህቷ የአገሪቱን ጦር ለአሥርት ዓመታት አገልግላለች። በ2025 መጀመሪያ ባለ አምስት በሯ ጂምኒ በጃፓን ስትቀርብ ደግሞ በአራት ቀን ውስጥ 50,000 ያህል ትዕዛዝ መጣ፤ ኩባንያው በወር ሊሸጥ ያቀደው 1,200 ብቻ ስለነበር ትዕዛዝ መቀበሉን ለማቆም ተገደደ።

ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው የደኅንነቱ ነው። በ1988 አንድ የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ሳሙራይ በድንገተኛ መታጠፍ ትገለበጣለች ብሎ ጻፈ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው የጉድለት ምርመራ ለመክፈት ባይስማማም ክርክሩ እስከ 2004 ፍርድ ቤት ቆይቶ በስምምነት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2018ም በአውሮፓ የግጭት ፈተና ጂምኒ ከአምስት ኮከብ ያገኘችው ሦስት ነው። ይህን መካድ አይገባም፤ ከፍ ያለች፣ ጠባብና አጭር መኪና በፍጥነት ጎዳና ላይ ከሰፊዋ ያነሰ ትረጋጋለች። የኋለኞቹ ምርቶች ሰፍተዋል፣ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሥርዓትም ተገጥሞላቸዋል፤ የተፈጥሮ ሕግ ግን አልተሻረም። መልሴ ይህን ያህል ነው፦ ጂምኒ ለ140 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አልተሠራችም፤ ለዚያ የሚገዛትም መሣሪያውን ተሳስቷል። ቦታዋም ጠባብ ነው። አራት ሰው ከተቀመጠ ከኋላ የሚቀረው 85 ሊትር፣ ማለትም ከአንዲት ሻንጣ ብዙም የማያልፍ ነው። ሰባት ቤተሰብና የወር አስቤዛ የሚጭን ሰው ሌላ መኪና ይግዛ። ነዳጇም እንደ መጠኗ አይደለም፤ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ቅርጿ ነፋስ ስለሚጋፋ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሊትር ትጠጣለች። አውሮፓ ውስጥ የሰው መጫኛዋ ከገበያ የወጣችው በጭስ ልቀት ሕግ የተነሳ ነው።

እነዚህ ሁሉ የመኪናዋን ወሰን ያሳያሉ፤ የክርክሬ ሥር ግን ወሰን የሌለው መኪና የለም የሚል ነው። ትልቁ መኪናም ወሰን አለው፤ ግን ወሰኑ በዋጋው፣ በነዳጁና በማያልፍበት ቀጭን መንገድ ስለሚገለጥ እንደ ጉድለት አንቆጥረውም። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጡ አዳዲስ መኪኖች ዝቅተኛውን ታክስ ሲጥል ወደ ትንሽነት ያዘነበለ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል፤ የቤንዚኗ ጂምኒ ለእኛ መፍትሔ ናት ልል አልችልም። ነገር ግን ያስተማረችው ትምህርት ለኤሌክትሪኩ ዘመን ይበልጥ ይሠራል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ከባዱም ውዱም ዕቃ ባትሪው ነው፤ ባትሪው ደግሞ የሚመጠነው በከፊል መኪናው በሚሸከመው ክብደት ነው። ስለዚህ መኪና የሚገዛ «ሰው ምን ይለኛል» ከማለቱ በፊት የሚሄድበትን መንገድ ወርድ፣ የዳገቱን ቁመትና የጭነቱን ልክ ይጠይቅ። አያቶቻችን ለበቅሎ የሰጡትን ክብር የሰጡት ቁመቷን ለክተው ሳይሆን መንገዱን አይተው ነው።