በቀበቶ ዘለበት ላይ ያሉ አማልክት ዋጋቸው ስንት ነው?

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ የድሮ ጌጣጌጥ ጨረታ እያየሁ ነው የማመሸው። አልገዛም፤ ዋጋ ማየት ግን እወዳለሁ። ኢኮኖሚክስ መማር ያመጣብኝ አመል ነው። ትናንት አንድ ዕቃ ላይ ቆምኩ፦ ከደቡብ ሕንድ የመጣ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሴት ቀበቶ ዘለበት። ከብር የተሠራ ነው፤ የሂንዱ አማልክት ፊቱ ላይ ጎልተው ወጥተዋል።

አሠራሩ «ስዋሚ» ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) አንጥረኞች ክሪሽናን ከነዋሽንቱ፣ ጋኔሻን ከነዝሆን ራሱ በብር ላይ ያወጡ ነበር። ፒ. ኦር ኤንድ ሰንስ የተባለው የከተማዋ ሱቅ በዚህ ሥራ ስሙ ገናና ነበር። ዋነኞቹ ገዢዎች ግን እንግሊዞች ናቸው።

እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው። በሂንዱ ልማድ ወርቅ እንኳ ለላክሽሚ ክብር ሲባል ከወገብ በታች አይደረግም፤ የእግር አልቦ በብዛት ከብር የሚሠራው አንድም ለዚህ ነው። እነዚህ አማልክት ግን ለማያመልካቸው ሰው የወገብ ጌጥ ሆነው ተሸጡ። ገዢዋ የሕንድ ማስታወሻ ነው የገዛችው። ለአንጥረኛው አምላክም እንጀራም ነበሩ።

ዋጋውስ እንዴት ይወጣ ነበር? «ሩፒ» የሚለው ስም ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን ሥሩ ብር ነው፤ ልክ እንደኛ «ብር» ማለት ነው። አንዱ ሩፒ 11.66 ግራም ይመዝናል፣ 91.7 በመቶው ንጹሕ ብር ነበር። አንጥረኛው ሳንቲሙን አቅልጦ ጌጥ ያደርገዋል፤ ገዢው የብሩን ክብደት በሩፒ ተምኖ፣ የእጅ ዋጋ ጨምሮ ይከፍላል። የኛም አንጥረኞች ማርትሬዛ አቅልጠው የአንገት መስቀል ሠርተዋል።

ችግሩ፣ ሒሳቡ ወደ ኋላም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 አሜሪካውያኑ የሀንት ወንድማማቾች ብር በገፍ ሲያከማቹ፣ ከዓመት በፊት 6 ዶላር አካባቢ የነበረው አንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። ያኔ በየአገሩ ስንትና ስንት የድሮ የብር ዕቃ እሳት ገባ። ብሩ ሲቀልጥ የእጅ ዋጋው ዜሮ ይሆናል፤ መልሶ የሚያመጣው የለም።

ጨረታው ላይም መጀመሪያ የተጻፈው ግራሙ ነው። አማልክቱ ከሥር ነው የመጡት።

እናንተም ቤት የአያት መስቀል ወይም አልቦ ካለ፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ አንሱት። ማን እንደሠራውም ጠይቁ፤ የሚያውቅ ሰው እያለ።