ቀዩ መስመርና ባለ ቀዳዳው ቅንጣት፦ ናኖ ሕክምና ካንሰርን አስቀድሞ በማወቅ ረገድ

በድሬዳዋ የሚኖር ተማሪ የወባ ፈጣን መመርመሪያን ሳያውቀው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 በደረቁ ወቅት አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በከተማዋ የወባ ወረርሽኝ ባስነሣችበት ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ጣታቸውን ተወግተው የደማቸው ጠብታ በትንሽ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ባለች ቁራጭ ወረቀት ላይ ሲያልፍና ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ቀይ መስመር ሲወጣ ተመልክተዋል። ያ ቀይ መስመር ግን ከደሙ የመጣ አይደለም። በአብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መመርመሪያዎች ውስጥ መስመሩ ወርቅ ነው።

ለመሆኑ ወርቅ እንዴት ይቀላል? ወባን የሚያሳየን ይህ ዘዴስ ካንሰርን ገና በጅምሩ ሊያሳየን ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን፤ በመንገዳችንም በዘርፉ የሠሩ የአንድ ኢትዮጵያዊ ኬሚስት ሥራ እናገኛለን።

ትንሹን ምልክት ማጉላት

ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት 7,000 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ በመመርመሪያው ውስጥ ያሉት የወርቅ ቅንጣቶች በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር ብቻ ናቸው። ባለ 40 ናኖሜትሮቹን ብንደረድራቸው በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ላይ 175 ያህሉ ይሰለፋሉ። ወርቅ ይህን ያህል ሲያንስ ቢጫነቱን ይተዋል። ኤሌክትሮኖቹ ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር አብረው ስለሚወዛወዙ ያንን ብርሃን ይውጡታል፤ የሚተርፈውም ለዓይናችን ቀይ ሆኖ ይታያል።

በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፏል። ፕሮቲኑ በደሙ ውስጥ ካለ ከወርቁ ጋር ተያይዞ በወረቀቱ ላይ ይጓዛል፤ መስመሩ ዘንድ ሲደርስም እዚያ በተተከለው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይያዛል። ብቻዋን ከቶ የማትታየው ቅንጣት እጅግ ብዙ ሆና ስትከማች መስመር ትሆናለች። እንግዲህ የፈጣን ምርመራ ምሥጢር ትንሹን ምልክት ማጉላት ነው።

ካንሰርን የሚለየው ምንድን ነው?

የወባ ተውሳክ ባዕድ ነው፤ ፕሮቲኑም በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አይገኝም። ካንሰር ግን ከራሳችን ሕዋስ የሚነሣ በመሆኑ የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች በጤነኛ አካልም ውስጥ ይገኛሉ። ለምሳሌ ፒኤስኤ የተባለው ፕሮቲን በፕሮስቴት ካንሰር ጊዜ በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ማበጥም ያበዛዋል። ከዚህም በላይ ገና በጅምር ላይ ያለ ዕጢ ወደ ደም የሚያስገባው ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በሊትሮች ደም ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች ምልክቱን ከመጠበቅ ይልቅ ዕጢው ራሱ ምልክት እንዲሰጥ ማድረግን መረጡ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩት ሐኪምና መሐንዲስ ሳንጊታ ባቲያ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮች የተንጠለጠሉባቸውን ናኖ ቅንጣቶች ሠሩ። ቅንጣቶቹ ወደ ደም ሲገቡ ዕጢው የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች ቁርጥራጮቹን ይቆርጧቸዋል። ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ኩላሊት አያሳልፈውም፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን ትንሽ በመሆኑ ወደ ሽንት ያልፋል። አንድ ኢንዛይም ብዙ ቁርጥራጮችን ስለሚቆርጥም ምልክቱ ይበዛል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት የካንሰርን ምልክት ከሽንት በወረቀት መመርመሪያ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ።

እዚህ ላይ ግን አዲስ ጥያቄ ይነሣል። በወረቀት ላይ የሚቀር ቅንጣትና ወደ ሰው ደም የሚገባ ቅንጣት አንድ አይደሉም። ሕመም የማይሰማው ሰው ለምርመራ ብሎ የሚወስደው ነገር ጤናውን ሊያውክበት አይገባም።

ከቀዳዳ ወደ ሕዋስ

ፕሮፌሰር ቴዎድሮስ አሰፋ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኬሚስትሪ ያገኙት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዶክትሬት ትምህርታቸውን በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከኬሚስቱ ጄፍሪ ኦዚን ጋር ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ በሥርዓት የተደረደሩ ናኖ ቀዳዳዎች ያሉትና በግድግዳው ውስጥ ሲሊካንና ካርቦን አዘል ቡድኖችን ያጣመረ አዲስ ቁስ አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት በጃፓንና በአሜሪካ የሚገኙ ሌሎች ቡድኖችም ለየብቻቸው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰዋል።

ሲሊካ የአሸዋ ዋና ክፍል ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ሲሠራ ግን የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከሁለት የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች ይበልጣል። በዚህ ገጽ ላይ መድኃኒት ማሳደር፣ የሚያበራ ቀለም መትከል፣ የካንሰር ሕዋስን የሚለይ ሞለኪውል መለጠፍ ይቻላል። ብዙዎች ለናኖ ሕክምና የተመኙትም ለዚህ ነው።

ቴዎድሮስ በአሜሪካ በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ከሕክምና ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ቁሱ በሕዋስ ላይ ምን እንደሚያደርስ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት ኤም.ሲ.ኤም-41 እና ኤስ.ቢ.ኤ-15 የተባሉ ሁለት ባለ ቀዳዳ ሲሊካዎችን ከደም ካንሰር ሕመምተኞች ተገኝተው በቤተ ሙከራ ከሚራቡ ሕዋሳት ጋር አገናኟቸው፤ ሕዋሳቱ የሚጠቀሙትን ኦክስጅንም ለኩ። ኤስ.ቢ.ኤ-15 መጠኑና የቆይታው ጊዜ በጨመረ ቁጥር የሕዋሳቱን አተነፋፈስ አዳከመ። ኤም.ሲ.ኤም-41 ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ሁለቱም ሲሊካ ናቸው። የሚለያዩት በቀዳዳቸው ስፋት፣ በቅንጣታቸው መጠንና ቅርጽ ነው። ስለዚህ «ሲሊካ ጉዳት የለውም» ወይም «ሲሊካ ይጎዳል» ብሎ በደፈናው መናገር አይቻልም፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው መመርመር አለበት። ቴዎድሮስ በኋላ ወደ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በናኖ ቁሶች ላይ ምርምራቸውን ቀጥለዋል።

ጥንቃቄው ፍሬ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ፣ ከ10 ናኖሜትር በታች የሆኑና በኩላሊት በኩል ከሰውነት የሚወጡ የሲሊካ ቅንጣቶች እ.ኤ.አ. በ2011 በሰው ላይ እንዲሞከሩ በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ከታወቀ በኋላስ?

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመት 80 ሺህ ያህል ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ ከ50 ሺህ በላይ ይሞታሉ። ብዙ ሕመምተኞች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከድሬዳዋ የሚነሣ ሕመምተኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር። አገልግሎቱን ለማስፋፋት ከተመረጡት አምስት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የቅርብ ጎረቤታችን ሐሮማያ ነው።

ናኖ ቅንጣት እስኪደርስልን ድረስም እጃችን ባዶ አይደለም። በጤና ተቋማት የማሕፀን በር ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ፣ ሲቀባ ወደ ካንሰር ሊያመሩ የሚችሉ ሕዋሳት ነጥተው በዓይን ይታያሉ። ይህም እንደ ወርቁ መስመር ሁሉ የማይታየውን የሚያሳይ ኬሚስትሪ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ደግሞ የበሽታውን መነሻ ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል።

ውድ አንባቢያን፣ ካንሰርን አስቀድሞ ለማወቅ የሚሠራ ማንኛውም ዘዴ ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፦ ያገኛልን? አይጎዳምን? ከተገኘ በኋላስ ሕክምናው ለሰውየው ይደርሳልን? የመጀመሪያው ብልህ ንድፍን፣ ሁለተኛው ትዕግሥት የተሞላበት ልኬትን፣ ሦስተኛው ሆስፒታልና ባለሙያን ይጠይቃል። ዛሬ በቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ ሲሊካ የሚለካ ተማሪ ከሦስቱ ቢያንስ ለሁለቱ መልስ የሚያስገኝ ሙያ እየተማረ ነው። ሦስተኛው ግን የሁላችንም የቤት ሥራ ነው።