ሲሳይ ከጥራጊ፤ የአዲስ አበባ ለቃሚ ቤተ ሰቦች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ ዐዋጅ፣ ሕዝቡ ፌስታል እያለ የሚጠራቸው ስስ የፕላስቲክ ከረጢቶች ከገበያ እንዲወጡ ከማዘዙም በላይ፣ ይዞ በሚገኘው ሰው ላይ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ መቀጫ ስለ ደነገገ፣ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ባለፋብሪካው ስለሚደርስበት ኪሳራ፣ ባለሱቁ ስለ መጠቅለያ እጦት፣ የአካባቢ ጥበቃ ሊቃውንት ስለ ወንዞቻችን መታፈን በየተራቸው ተናግረዋል፤ ከየጉድባውና ከየገንዳው ፕላስቲክ እየለቀመ፣ በኪሎ ሸጦ ልጆቹን የሚያሳድረው ቤተ ሰብ ግን በዚያ ሁሉ ንግግር መካከል ስሙ እንኳ አልተነሣም ለማለት ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ፌስታል ለለቃሚው እምብዛም የሚረባ ሸቀጥ አይደለም። ቀላል በመሆኑ አንድ ኪሎ እስኪሞላ ድረስ ቍጥር ስፍር የሌለው መልቀም ያሻል፤ ጭቃና ትርፍራፊ የሚይዝ ስለ ሆነም ገዢው ሲያየው ፊቱን ያዞራል። የለቃሚው ሲሳይ ያለው በሃይላንድ፣ በጀሪካን፣ በካርቶን፣ በቆርቆሮ፣ በመዳብና በብረታ ብረት ነው። ስለዚህ አዲሱ ዐዋጅ ይህን ቤተ ሰብ በቀጥታ የሚነካው በጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን ዐዋጅ ቍጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከረጢቶችን ቀደም ሲል ከልክሎ ሳለ፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ተመሳሳዩን ክልከላ እንደ አዲስ መደንገግ ማስፈለጉ፣ በጥራጊ ነገር ሕጉና መንገዱ ተራርቀው መኖራቸውን ያሳያል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ሰፊ ባዶ ስፍራም ለብዙ ዘመን ሲሠሩ የኖሩት ለቃሚዎቹ ናቸው።

በዚህ ሥራ የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ መዓርጋቸው ልዩ ልዩ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው፣ ማዳበሪያውን በትከሻው ጥሎ «ቆራሌው!» እያለ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዞረው ነው፤ እርሱ ግን በትክክል ሲመዘን ከለቃሚ ይልቅ ነጋዴ ነው፤ በኪሱ ጥቂት ብር ይዞ፣ አሮጌ ጫማውን፣ ጠርሙሱንና የተበላሸውን ሬዲዮ ከባለቤቲቱ ጋር ተከራክሮ ይገዛና ወደ መርካቶ ያወርዳል። ካዛንቺስንና ፒያሳን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፈረሱ፣ ነዋሪውም ዘበኛ ወደሚጠብቀው ኮንዶሚኒየም ከተዛወረ ወዲህ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያልፍበት ደጅ እያነሰበት ሄዷል። ስለ ምናለሽ ተራ፣ ከበርሜል ምድጃና ሣጥን፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ፣ ከጣሳ ኵራዝ ስለሚያወጡት የእጅ ባለሙያዎች፣ ጐብኚውም ፎቶግራፍ አንሺውም ሲናገር ስለሚውል፣ እኔ በዚያ አልዘገይም። ጋሪ እየገፉ ከቤት ወደ ገንዳ የሚያመላልሱት የጽዳት ማኅበራትም የከተማው አስተዳደር ያወቃቸውና ክፍያቸው ከውኃ ሒሳብ ጋር ከሚሰበሰበው ገንዘብ የሚመጣ በመሆኑ፣ ነገራቸው ከዚህ ዳሰሳ ዳር የሚቀር ነው። ለእኔ አንገብጋቢው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ በታች ያለው ነው፤ ይኸውም መቋቋሚያ የሌለው፣ ማኅበር የሌለው፣ ከነሚስቱና ከነልጆቹ በገንዳ ዙሪያና ቆሼ በሚባለው የከተማው ጥራጊ መጣያ ላይ የሚውለው ነው።

የእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት፣ በዘነበወርቅ አካባቢ ሸራና የቆርቆሮ ቍርጥራጭ ከተደገፈበት ጎጆ ደጃፍ ጥቂት መቆም ይበቃል። እናቲቱ በበርጩማ ተቀምጣ የሃይላንዱን ክዳን እየፈታች በአንድ ወገን፣ በወገቡ የተለጠፈውን ወረቀት በዶለዶመ ቢላዋ እየገፈፈች በሌላ ወገን ትጥላለች፤ ትንሹ ልጅ የተገፈፈውን በተረከዙ እየረገጠ ይጨፈልቃል፤ ታላቅ እኅቱ ነጩን ከአረንጓዴው ለይታ በማዳበሪያ ትጠቀጥቃለች፤ አባትዬው ደግሞ የቆሻሻ መኪና ሳይቀድመው በሌሊት ተነሥቶ ገንዳ ለገንዳ የዞረ በመሆኑ ረፋዱ ላይ ጥግ ይዞ ተኝቷል። ክዳኑና ጠርሙሱ ከልዩ ልዩ ዐይነት ፕላስቲክ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ በውኃ ውስጥ ሲጨመሩ ጠርሙሱ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ በአንድነት ቢቀልጡ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። እናቲቱ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም፤ ክዳኑ ያልወጣለትን ማዳበሪያ ተረካቢው ዋጋውን እንደሚሰብርባት ግን ታውቃለች። ተረካቢውም ሚዛኑን ከጣራው ማገር አንጠልጥሎ፣ ዝናም በዘነበ ማግስት «ለእርጥበት» ብሎ ከኪሎው ይቀንሳል፤ እርሱም በበኩሉ ለትልቁ ነጋዴ፣ ትልቁም ለፈጪው ያስረክባል፤ ከተፈጨውም ከፊሉ ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ፣ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በወደቀ ጊዜ አዲስ ፕላስቲክ ይረክስና የአሮጌው ዋጋ እስከዚያች በርጩማ ድረስ አብሮ ይወርዳል።

ቆሼ በ1956 ዓ.ም. ገደማ የከተማው ጥራጊ መጣያ ሆኖ ሲመረጥ ከከተማ ውጭ ነበረ፤ ከተማው ግን አድጎ ከበበውና 36 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የጥራጊ ተራራ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ቀረ። በአጠገቡ ከጣልያን ወረራ በፊት የተመሠረተው የዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ በኋላም አለርት የተባለው ስለ ነበረ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና መጥተው ወደ ዘመዶቻቸው መመለስ ያልቻሉ ሕሙማን በዙሪያው ሰፈሩ፤ ከእነርሱና ከልጆቻቸው መካከልም ምጽዋት ለመለመን ያልፈለገው ወይም ምጽዋቱ ያልበቃው ወደ ቆሼ ወጣ። በሰፈሩ ያለው ቤተ ክርስቲያን የገብረ ክርስቶስ መሆኑ ያጋጣሚ ነገር አይደለም፤ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ መንግሥቱን ንቆ፣ ቍስለኛና ነዳይ ሆኖ፣ በገዛ አባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው ትርፍራፊ እየተጣለለት የኖረው ይህ ጻድቅ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከጥንት ጀምሮ መጽናኛቸው ነው።

በቆሼ ላይ ያለው ሥራ ሥርዓት የሌለው ለሚመስለው ሰው፣ እንግሊዛዊቱ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ካሮላይን ኖውልስ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ አንድ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ከኩዌት የነዳጅ ጕድጓድ ተነሥቶ በኮርያና በቻይና ፋብሪካዎች በኩል፣ በኮንትሮባንድ ድንበር ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ተከትላው፣ ፍጻሜውን ያገኘችው በዚሁ በቆሼ ነውና። ለቃሚዎቹ የትኛው መኪና ከየትኛው ሰፈር እንደሚመጣ በሩቁ ይለያሉ፤ ከቦሌ የሚመጣውና ከድኻ ሰፈር የሚመጣው አንድ አይደለም፤ የሆቴል ቡሌ የጫነውን የሚጠብቁ ሌሎች፣ ብረት የሚቆፍሩ ሌሎች ናቸው፤ መኪናው ሲገለብጥ ማን ከየት በኩል እንደሚቆምም ያልተጻፈ ሕግ አለ።

አሁን ወደሚያከራክረው ነገር እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ የልማት ገንዘብ የተሠራው የሰንዳፋ ዘመናዊ መጣያ ተከፍቶ ቆሼ ሊዘጋ ነው ተባለ፤ ነገር ግን ከብቶቻችንና ውኃችን ተበከሉብን ያሉ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ሰንዳፋ ተዘግቶ ጥራጊው ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላ፣ በዐቢይ ጾም፣ በመፃጉዕ ሰንበት ዋዜማ፣ ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ ተራራው ተንዶ በግርጌው የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም በዚያ ሰዓት በቤት የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ምክንያቱ የተመለሰው ጥራጊ ክብደት ነው ያሉ ነበሩ፤ በዚያው ግቢ ለሚሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሬት ሲደለድሉ የነበሩት መኪናዎች ናቸው ያሉም ነበሩ።

ያ ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 120 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ እያቃጠለ ከከተማው ቆሻሻ 80 በመቶውን የሚያጠፋ፣ በአፍሪካም የመጀመሪያው እንደ ሆነ ተነገረለት። እኔ በዚህ ነገር ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥርጣሬ አለኝ፤ ምክንያቱንም ለማንም የቤት እመቤት ማስረዳት ይቻላል። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሹ የሚበልጠው የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትርፍ ነው፤ ይህም በተለይ በክረምት እርጥብ ስለ ሆነ እንደ ረጠበ ማገዶ ጭስ እንጂ ነበልባል አይሰጥም። እሳቱን የሚያነደው ደረቁ ካርቶንና ፕላስቲክ ነው፤ ለቃሚውም የሚያወጣው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ምድጃውና ያች በበርጩማ የተቀመጠች እናት የሚሻሙት አንድ ነገር ነው፤ ምድጃው ቢጠግብ እናቲቱ ትራባለች፤ እናቲቱ ብትጠግብ ምድጃው ይበርዳል። ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር በምረቃው ንግግር ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከአደጋው በኋላ በጃፓን ርዳታ፣ ፉኩኦካ በሚባለው ዘዴ፣ በተራራው ውስጥ ቧንቧ ዘርግቶ አየር በማስገባት ጥራጊው እንዲረጋ የተደረገው ሥራ፣ ከዚያ ውድ ምድጃ ይልቅ ዝናው ትንሽ፣ በእኔ ግምት ግን ጥቅሙ የበለጠ ነው።

ሌላ አገር ይህን ክርክር ከእኛ ቀድሞ ያየው ነው። በካይሮ ዘባሊን የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ከላይኛው ግብፅ ከአስዩጥ አውራጃ የመጡ ቅብጦች፣ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማውን ጥራጊ ከየቤቱ ሲሰበስቡ ኖረው፣ በ1970 ገደማ ከሰፈሩበት ተነቅለው ወደ ሙቀጠም ተራራ ሥር ተጣሉ። በቤተ ክርስቲያናችንም እንደሚተረከው፣ ሊቀ ጳጳሳት አብርሃም ሶርያዊ ከከሊፋው በቀረበለት ፈተና ጊዜ በስምዖን ጫማ ሰፊው ጸሎት ከስፍራው የተነቃነቀው ተራራ ይኸው ነው፤ ዘባሊኖቹም በዚያ ዐለት ውስጥ በዚሁ ጻድቅ ስም ብዙ ሺህ ሰው የሚይዝ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አንጸዋል። ወንዶቹ ይሰበስባሉ፣ ሴቶቹ ይለያሉ፣ የምግቡን ትርፍ ዐሣማ ይበላዋል፤ በዚህም ከሚሰበስቡት 80 በመቶ ያህሉን መልሰው በጥቅም ላይ እንደሚያውሉ ይነገርላቸዋል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ግን መንግሥት ከስፔንና ከኢጣልያ ኩባንያዎች ጋር የ15 ዓመት ውል ገባ፤ ውሉም መልሶ በጥቅም ላይ ማዋልን የጠየቀው በ20 በመቶ ብቻ ነበር። ባዕዳኑ በየመንገዱ ገንዳ አቆሙ፤ ካይሮዎች ግን ከደጃቸው የሚወስድላቸውን ሰው የለመዱ ስለ ነበሩ ገንዳው ጋ አልሄዱም። በ2009 ደግሞ በእንፍሉዌንዛ ሰበብ 300,000 ያህል ዐሣማ እንዲታረድ ታዘዘ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ከዐሣማ ወደ ሰው ለመተላለፉ ማስረጃ እንደሌለ እየተናገረ ሳለ ዕርዱ ቀጠለ፤ ወዲያውም የሚበላው ያጣው የምግብ ትርፍ በካይሮ መንገዶች ላይ ተከምሮ ሸተተ። የዘባሊኖቹን ኑሮ ለብዙ ዓመታት ያጠናችውና አብራቸው የሠራችው ላይላ እስክንድር በ2013 የአካባቢ ሚኒስትር ስትሆን፣ ለእነርሱ ሕጋዊ ቦታ ለመስጠት ጥረት ጀመረች፤ በሹመቷ የቆየችው ግን ለአጭር ጊዜ ነበር።

ከሕንድ የፑኔ ከተማ የሚሰማው ከዚህ የተሻለ ነው። ለቃሚዎቹ፣ ይበልጡንም ሴቶች፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ፤ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ያጸደቀው መታወቂያ በደረታቸው አንጠልጥለው መሥራት ጀመሩ፤ በ2008ም የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ድርጅት መሥርተው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር በመዋዋል፣ ከየቤቱ በመሰብሰባቸው ክፍያ ይቀበላሉ፣ የለዩትንም ራሳቸው ይሸጣሉ።

በአዲስ አበባ ያለው ለቃሚ በዚህ ዐይነት ይደራጅ ቢባል፣ ዕንቅፋቱ ከጥራጊው ዘንድ የሚገኝ አይደለም። በማኅበር ለመደራጀት የወረዳው የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ይህን መታወቂያ ለማውጣት የታወቀ አድራሻና የቤት ቍጥር ያስፈልጋል፤ የጨረቃ ቤት ደግሞ ቍጥር የለውም። ፋይዳ የተባለው አዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ ማንነቱን ይመሰክርለታል እንጂ የወረዳው ነዋሪ መሆኑን አያረጋግጥለትም፤ ከክፍለ ሀገር መሸኛ ሳይዝ የመጣውም፣ በቆሼ ሥር ተወልዶ ያደገውም በወረዳው መስኮት ፊት አንድ ናቸው። ስለዚህ በጽዳት ጽሕፈት ቤቶች በኩል «ለቃሚዎችን እናደራጃለን» እየተባለ የሚወጣው ዕቅድ፣ ይህ የወረዳ መስኮት ካልተከፈተ በስተቀር፣ ቀድሞውኑ መታወቂያ ያላቸውን የሰፈር ወጣቶች አደራጅቶ፣ በገንዳው ዙሪያ የነበሩትን ቤተ ሰቦች ከገንዳው የሚያባርር ሊሆን ይችላል።